ባስ በሐሩር ሉር አልነካ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የአሜሪካ በጋ የሆኑት ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ከዳላስ፣ ከሂውስተንና ከፊኒክስ ወደ ድሬዳዋ የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «አቦ፣ ሐይቁ ፈልቷል፣ ባሱ የት እንደገባ አላውቅም፣ የትኛውን ሉር ልግዛ?» ጠያቂዎቹ የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ ድሬ ተወልደው አሜሪካ ያደጉ፣ ወይም እዚያ ሄደው የአሳ ማጥመጃ ዘንግ የጨበጡ። ቴክሳስ በነበርኩበት ዘመን ከምንም በላይ የምወደው ነገር ባስ የሚባለውን አዳኝ የሐይቅና የወንዝ አሳ ማጥመድ ስለነበር፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ሁሉም እንዲያነበው ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ሉር የምንለው ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት የሚሠራውን የውሸት ምግብ ነው። መደብሩ ውስጥ ግድግዳ ሙሉ ተሰቅሎ ስለሚታይ፣ አሳው እምቢ ባለ ቁጥር እጃችን ወደ ሌላ ቀለም ይሮጣል። በሐሩር ጊዜ ግን መጀመሪያ የሚመረጠው ቦታና ጥልቀት ነው፤ ቀጥሎ ፍጥነት፣ ከዚያ የሉሩ መጠን። ቀለም መጨረሻ ነው። አንድ ሉር ጥሩ የሚባለው አሳው ያለበት ጥልቀት ድረስ ወርዶ እዚያው መቆየት ሲችል ነው። ከታች ላሉት ችግሮች ሁሉ መልሴ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በግንቦት እኩለ ቀን ድሬዳዋ፣ የከዚራ ሰፈር መሃል ቆሞ «ይህ ከተማ ሰው የለውም እንዴ?» የሚል እንግዳ ተሳስቷል። ሰው ሞልቷል፤ ከዛፍ ጥላ ስር ነው፣ ሽርጡን አገልድሞ ቤቱ ነው፣ አየሩ ሲበርድ ይወጣል። ባስም በሐሩር እንደዚሁ ነው።

«በሙቀት ባስ አይበላም» የሚሉትን አትስሙ። እስከ ዛሬ በመንጠቆ ከተያዙት ላርጅማውዝ (ትልቅ አፍ) የሚባሉ ባሶች በክብደት እኩል አንደኛ ተብለው የተመዘገቡት ሁለቱ የተያዙት በሞቃት ወራት ነው። የመጀመሪያውን ጆርጅ ፔሪ በጆርጂያ ግዛት ጁን 2 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. በሉር ያዘው፤ ሁለተኛውን ማናቡ ኩሪታ ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ ጁላይ 2 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ሕይወት ባለው ትንሽ አሳ ያዘው። ሁለቱም ከ10 ኪሎ ይበልጣሉ።

ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት

ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ ንጹህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 7.5 ይወርዳል። ባስ ደሙ እንደ ውሃው ሙቀት የሚለዋወጥ ፍጥረት ነው፤ ውሃው ሲግል ሰውነቱ ቶሎ ቶሎ ምግብ ያቃጥላል፣ ብዙ ኦክስጅንም ይፈልጋል። ፍላጎቱ በጨመረበት ሰዓት አቅርቦቱ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ መብላቱን አይተውም፤ የሚበላው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፣ ከዚያ ጉልበቱን ቆጥቦ ይቀመጣል። የላይኛው ውሃ ከ30 ዲግሪ፣ ማለትም በአሜሪካው ማሳያ ከ86 ፋራናይት፣ ሲያልፍ ይህ ጸባይ ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ንብርብር ነው። ጥልቅ ሐይቅ በበጋ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀላሉ ሙቅ ውሃ ላይ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ ውሃ ታች። በመካከላቸው ሙቀቱ በጥቂት ክንድ ውስጥ ድንገት የሚወርድበት ስስ ንብርብር አለ፤ አጥማጆች ቴርሞክላይን ይሉታል። ከሱ በታች ያለው ውሃ ከአየር ጋር አይገናኝም። ታች የተኛው ብስባሽ ያለችውን ኦክስጅን እየበላ ይጨርሳታል። ስለዚህ በነሐሴ ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ቢኖርም ባስ ብዙ ጊዜ እዚያ መኖር አይችልም። ጥልቀቱ ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል፤ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎችና የሚፈስ ወንዝ ላይ ደግሞ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።

«ፀሐይ ሳትወጣ ይነካ ነበር፣ ረፈድ ሲል ጭጭ አለ»

ምክንያቱ ብርሃን ነው። ሌሊቱን ወደ ዳር ተጠግተው ሲበሉ ያደሩት ባሶች ፀሐይ ከፍ ስትል ወይ ጥላ ይገባሉ ወይ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ጠዋት በሠራው ሉር እስከ እኩለ ቀን እዚያው ዳር የሚደበድብ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚወረውረው።

መፍትሄው ቀኑን ለሁለት መክፈል ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ውሃው ላይ ሁኑ፣ የመጀመሪያውን ብርሃን ላይ ላዩን ለሚሄዱ ሉሮች ስጡት። ውሃው ረጭ ያለ ከሆነ አፉ ጎድጎድ ያለው ፖፐር ይሻላል፤ ጎትቶ «ጷ» ማድረግ፣ የክቡ ሞገድ እስኪጠፋ ማቆየት፣ እንደገና መጎተት። ትንሽ ነፋስ ካለ የሚሽከረከር ቅጠል ያለውና ድምፁን ከሩቅ የሚያሰማው በዝቤይት ይመረጣል፤ እሱ ሳይቆም ነው የሚጎተተው። ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ የሚሄደው ረጅሙ ሉር ሰፊ ቦታ ቶሎ ለማሰስ ጥሩ ነው።

ፀሐይዋ ዛፎቹን ስትዘል ጥላ ፈልጉ። የጀልባ ማቆሚያ ርብራብ፣ ድልድይ፣ ውሃ ላይ ያጎነበሰ ዛፍ፣ የተከማቸ አረም። እዚህ ላይ የምመርጠው ምንም የእርሳስ ክብደት ያልታሰረበትን ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ነው። ከርብራቡ ዳር ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ጥላው ወደ ጠቆረበት፣ ውሃውን እየነጠረ እንዲገባ ዝቅ አድርጋችሁ ወርውሩት፤ ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ክሩን ብቻ ተመልከቱ። ትሉ ቀስ ብሎ ሲወርድ ክሩም ቀስ ብሎ ይከተላል። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወይም ታች ሳይደርስ መውረዱን ካቆመ፣ አፉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በዘንጉ ምንም ላይሰማችሁ ይችላል። ቀትር ላይ ብዙ ባስ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ግን ባሱ ትሉን ጎርሶ ሲተፋው እንኳ አያውቅም።

«ጥልቁ ቀዝቃዛ ነው ብዬ ጥልቁን ብቻ አጠምዳለሁ፣ አንድም አልነካኝ»

ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ እሰማዋለሁ። «ባስ በሙቀት ጥልቅ ይወርዳል» የሚለው ምክር ግማሹ ተቆርጦ ስለሚነገር ነው። ይወርዳል፤ ግን ኦክስጅኑ ካለቀበት መስመር አያልፍም። ቴርሞክላይኑ 6 ሜትር ላይ ሆኖ ሉራችሁ 9 ሜትር ላይ ከሆነ፣ አሳ በሌለበት ውሃ ውስጥ ነው ቀኑን የምትውሉት።

መስመሩን ማግኘት ከባድ አይደለም። ሶናር፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ያለውን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያለው ሰው ጥልቁ ላይ ይቁምና የመሣሪያውን ንቃት ከፍ ያድርገው፤ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ደብዛዛ ቀበቶ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አሳዎቹና የሚበሏቸው ትንንሾቹ ከቀበቶው በላይ ሆነው ይታያሉ። ሶናር ከሌላችሁ የውሃ ቴርሞሜትር በክር አስራችሁ በየሜትሩ አውርዱት፤ ንባቡ ድንገት የሚወርድበት ቦታ እሱ ነው።

ቀጥሎ የሚፈለገው የሐይቁ መሬት ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚገኝበት ቦታ ነው። መስመሩ 6 ሜትር ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሜትር ያለውን መሬት ፈልጉ፤ ወደ ውሃው የገባ ሹል የመሬት አፍንጫ፣ ውሃ ውስጥ የተደበቀ ጉብታ፣ ግድቡ ሳይሠራ የነበረው ወንዝ ያለፈበት የሸለቆ ጠርዝ። ጉቶ ወይም የድንጋይ ክምር ካለበት ደግሞ የበለጠ ያማረ ነው።

ሉሩ አሁን ራሱ ይመረጣል። ክራንክቤይት ከአፉ ስር የፕላስቲክ ምላስ ያለው አሳ መሰል ሉር ነው፤ ጥልቅ ከሚጠልቀው ከመሬቱ ጥልቀት በግማሽ ሜትር ወይም በአንድ ሜትር በልጦ የሚወርደውን ውሰዱ፤ ምላሱ መሬቱን መቆፈር አለበትና። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጥልቀት የሚገኘው ሩቅ ሲወረወርና ክሩ ቀጭን ሲሆን ነው። በወፍራም ክር ያው ሉር ከመንገድ ይቀራል። ከ10 እስከ 12 ፓውንድ የሚሸከም ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ጥሩ መካከለኛ ነው። ሪላችሁ (የክር መጠቅለያው) ቀስ ብሎ የሚጠቀልል ዓይነት ቢሆን ክንዳችሁም አይደክም፣ ሉሩም ታች ይቆያል። ምላሱ ጉቶ ሲመታ ዘንጉ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ይሰማችኋል። በዚያች ቅጽበት መጠቅለሉን አቁሙ። ሉሩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እንቅፋቱን ይለቃል፣ ባሱም የሚመታው ያኔ ነው። እንቅፋት የሚፈራ አጥማጅ በክራንክቤይት ባስ አይይዝም።

ክራንክቤይቱ አንድ ሁለት ከሰጣችሁ በኋላ ዝም ካለ ከቦታው አትሂዱ፤ ፍጥነቱን ቀንሱ። 25 ሳንቲሜትር የሚሆን ረጅም የፕላስቲክ ትል ቴክሳስ ሪግ በሚባለው አስተሳሰር፣ መንጠቆው ጫፉን ትሉ ውስጥ ደብቆ፣ ከ10 እስከ 14 ግራም እርሳስ ይዞ፣ ያንኑ መሬት ቀስ ብሎ ይዳብስ። ይህ ትል የዋዛ አይደለም። ኒክ ክሪም የተባለ የአክረን፣ ኦሃዮ ሰው በ1949 እ.ኤ.አ. ከሠራው ወዲህ ስንት ዓይነት ሉር መጣ ሄደ፣ እሱ ግን በሞቃት ውሃ አሁንም የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። መሬቱ ሰፊና ጠጠራማ ሲሆን ካሮላይና ሪግ ይሻላል፤ 21 ግራም እርሳስ ከፊት፣ ከኋላው ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ክር፣ ጫፉ ላይ ትሉ። እርሳሱ መሬት ላይ ይጎተታል፣ ትሉ ወደ ኋላ ቀርቶ በነፃነት ይንሳፈፋል። ማንሳትና መጣል የለም፣ መጎተት ብቻ።

«ስክሪኑ ላይ አያቸዋለሁ፣ ግን አይነኩም»

ማየትና መብላት መፈለግ የተለያዩ ናቸው። ከመሬት ርቀው መሃል ውሃ ላይ የተንሳፈፉ ባሶች አብዛኛውን ጊዜ እረፍት ላይ ናቸው። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ማስደንገጥ ነው። ፍላተር ስፑን የሚባለውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ሰፊ የብረት ማንኪያ በላያቸው አውርዱት፣ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ አንሱት፣ ከዚያ ክሩን ሳትወጥሩ ልቀቁት። እየተገለባበጠና እያብረቀረቀ ሲወርድ፣ ያልራበውም ባስ በደመ ነፍስ ይነክሰዋል። የሚነካው በመውደቅ ላይ እያለ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ስታነሱት ከብዶ ታገኙታላችሁ። ሌላው መንገድ ድሮፕሾት ነው፤ እርሳሱ ከታች፣ መንጠቆው ከእርሳሱ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ትል ይዞ አሳው አፍንጫ ስር ይቆያል። ክሩ ቀጭን መሆን ስላለበት ትግሉ ይረዝማል፤ በሐሩር ይህ ለአሳው ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ እኔ ማንኪያውን አስቀድማለሁ።

ሦስተኛው ነገር ሉር ሳይሆን ሰዓት ነው። ኃይል የሚያመነጭ ግድብ ያለበት ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ ተርባይኑ ሲከፈት ውሃው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ተኝተው የነበሩት ባሶችም ወደ መሬት አፍንጫው ተጠግተው ሻድ የሚባለውን ትንሽ አሳ ይጠብቃሉ። በአሜሪካ በጋ የከሰዓት ፀሐይ ሲከር በየቤቱ ማቀዝቀዣው ስለሚከፈት ግድቡ ብዙ ኃይል የሚያመርተው ያኔ ነው። ስለዚህ የሚጠላው የከሰዓት ሙቀት በእነዚህ ሐይቆች ላይ ጥሩ ሰዓት ሊሆን ይችላል። በቴነሲ ወንዝ ላይ ያሉትን ገንተርስቪልን፣ ፒክዊክንና ኬንታኪ ሐይቅን የመሳሰሉትን ግድቦች የሚያስተዳድረው ቴነሲ ቫሊ ኦቶሪቲ ውሃ የሚለቀቅበትን ሰዓት አስቀድሞ ያሳውቃል። ዘንግ ከመጫናችሁ በፊት ያንን አንብቡ። ጠዋት ሞቶ የዋለ ቦታ ውሃው ሲንቀሳቀስ በዚያው ሉር ሲነሳ አይቻለሁ።

«ፍሮጉ ላይ ውሃው ይፈነዳል፣ እኔ ግን ባዶ እስባለሁ»

ሆዱ ባዶ የሆነው የጎማ እንቁራሪት፣ ፍሮግ የምንለው፣ አረም ለሸፈነው ውሃ የተሠራ ነው። አረሙ ጥላ ነው፤ ባሱ ከስር ሆኖ የሚያየው ግን ጥላ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲመታ ይስታል፣ ወይም እንቁራሪቱን ከነአረሙ ይጎርሳል። ውሃው ሲፈነዳ ደንግጦ ወዲያው የሚስብ ሰው ከአፉ ነጥቆት ይመጣል።

መፍትሄው ልብ ማርጋት ነው። ሲፈነዳ ዘንጉን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ፣ የላላውን ክር ጠቅልሉ፣ ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲደርስ ያኔ ባለ በሌለ ኃይል ሳቡ። ክሩ ከ50 እስከ 65 ፓውንድ የሚሸከም ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) ካልሆነ ባሱ አረም ውስጥ ተጠምጥሞ ይቀራል። የፍሮጉን ሁለት መንጠቆዎች በፒንሳ ትንሽ ወደ ውጭና ወደ ላይ ክፈቷቸው። ደጋግሞ ከሳተ ደግሞ ያንኑ ቀዳዳ ሌላ ዘንግ ላይ በተዘጋጀ እርሳስ አልባ ትል ሙሉት፤ ተቆጥቶ እዚያው ነው ያለው።

እኩለ ቀን ላይ ፍሮጉን ጨርሶ ሲንቁት አረሙን መብሳት ይቀራል። ከ28 እስከ 42 ግራም የሚመዝን የታንግስተን ክብደት፣ ከኋላው ጠንካራ ቀጥ ያለ መንጠቆ፣ እግርና ጅራት ያልበዛበት ድፍን የፕላስቲክ ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የውሃ እንስሳ)። ከፍ አድርጋችሁ ጣሉት፣ አረሙን በስቶ ይግባ፣ መሬት ሲነካ አንዴ ሁለቴ አንቀጥቅጡት። ካልተነካ አውጥታችሁ ከአንድ ክንድ በኋላ ሌላ ቀዳዳ። አድካሚ ሥራ ነው። ግን የትኛው አረም እንደሚበሳ ጆሮ ይነግራችኋል፦ ሞተሩን አጥፉና አዳምጡ፤ ብሉጊል የሚባሉት ትንንሽ አሳዎች ከስር ሆነው ነፍሳት ሲለቅሙ «ጭው፣ ጭው» የሚል የመምጠጥ ድምፅ ያሰማሉ። ብሉጊል ካለ ኦክስጅንም ምግብም አለ፣ ባሱም ሩቅ አይደለም። ዝም ያለውን አረም እለፉት።

«ውሃው ላይ እየዘለሉ ያሳድዳሉ፣ የኔን ግን ንቀው ያልፋሉ»

ይህ የመጠን ችግር ነው። በበጋ የተፈለፈለው ሻድ ገና ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር። ባሶቹ ያንን መጠን እየለቀሙ ሳሉ 12 ሳንቲሜትር ሉር ባዕድ ይሆንባቸዋል። ትንሽ የብረት ማንኪያ፣ ትንሽ ነጭ ጅራታም ፕላስቲክ ወይም ትንሹን ፖፐር ያዙ። ከሚዘሉበት መሃል ሳይሆን አሻግራችሁ ጣሉና በመካከላቸው አሳልፉት። አንድ ዘንግ ለዚህ ብቻ ታስሮ ይቀመጥ፤ ጨዋታው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍምና ሉር ስትቀይሩ ያልቃል። ነጭና ብርማ እዚህ ላይ በእርግጥ ይሠራል።

«ትሉን ይነካካል፣ ጅራቱን ብቻ ቆርጦ ይሄዳል»

ብሉጊል ነው። ቦታ ቀይሩ ወይም ጅራት የሌለው አጠር ያለ ፕላስቲክ እሰሩ።

«ሁሉንም ቀለም ሞከርኩ»

አውቃለሁ። ውሃ የብርሃንን ቀለማት በእኩል አያሳልፍም፤ ቀይ ቀድሞ ይጠፋል፣ ጥቂት ሜትር ሲወርድ ጥቁር ይመስላል። እናንተ መደርደሪያው ላይ ያያችሁትን ልዩነት ባሱ 6 ሜትር ላይ አያየውም። ለእኔ አራት ይበቃሉ፦ ለጠራ ውሃ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ለደፈረሰ ጥቁርና ሰማያዊ፣ ሻድ ለሚያሳድዱ ነጭ፣ ለሌሊት ድፍን ጥቁር። ቀለም መግዣው ገንዘብ የእርሳስ ክብደት ለመግዛት ይዋል፤ 5 ግራምና 21 ግራም ያለው ሰው ሁለት የተለያየ ጥልቀት አለው ማለት ነው።

«ቀን ጨርሶ አልሆነልኝም»

እንግዲያው በሌሊት ሂዱ። ፊኒክስ ላይ ቀን 43 ዲግሪ፣ ማለትም 110 ፋራናይት፣ ሲደርስ ለሰውም አደገኛ ነው። የድሬ ልጅ ይህንን አስተማሪ አያሻውም፤ እኛ ቤት ከባድ ሥራ በጠዋት ነው የሚያልቀው።

በሌሊት ባስ ወደ ዳር ይመለሳል። ከታች ወደ ላይ ሲመለከት ሰማዩ ከውሃው ይልቅ ስለሚነጣ ጥቁር ሉር ጥርት ብሎ ይታየዋል። ከማየት ይበልጥ ግን ንዝረት ነው የሚመራው፤ በጎኑ ባለው መስመር የውሃውን እንቅስቃሴ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ክብ ቅጠል ያለው ጥቁር ስፒነርቤይት ቀስ ተደርጎ፣ ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ ይጎተት። መፍጠንና መቆም ቀን ላይ ጥሩ ቢሆንም በጨለማ ያሳስተዋል። ረጅሙ ጥቁር ትልም በመሬት ላይ ጥሩ ይሠራል። የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ፣ የጀልባው መብራት ይብራ፣ ብቻችሁን አትሂዱ።

«ሉሮቼ ራሳቸው ተበላሹ»

የፕላስቲኩ ትል በመኪና ሙቀት ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፣ የአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይገባል። የተጣመመ ትል ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ክራችሁንም ይጠመዝዛል፤ «አሳ ጠፋ» የምትሉት አንዳንዴ ከዚህ ነው። የተጣመመውን በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙት፣ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

የማይድነው ሌላ ነው። ሲሳብ በጣም የሚለጠጠው አዲሱ ዓይነት ፕላስቲክና የተለመደው ትል አንድ ከረጢት ውስጥ ከተነካኩ ተያይዘው ይቀልጣሉ። እያንዳንዱን በመጣበት ከረጢት አቆዩ። የተለመደው ትል ደግሞ አንዳንድ ርካሽ የፕላስቲክ ሳጥኖችን ይበላል። ሆዳቸው ባዶ የሆኑ ጠንካራ ሉሮች ፀሐይ ላይ ሲውሉ ውስጣቸው ያለው አየር ይሰፋና መገጣጠሚያቸው ሊሰነጠቅ ይችላል። እዚህ ድሬ ያስቀመጥኩት ሳጥን ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ፣ ወለሉ ላይ፣ ንፋስ በሚያገኝ ጥግ ነው ያለው፤ አሜሪካም ያላችሁ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጡና ቤት አስገቡት።

«ድሬ ለእረፍት ስመጣ ባስ የት አገኛለሁ?»

እዚህ አካባቢ የለም። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሲሞላ ደግሞ የማይቀርቡት ጎርፍ ነው። ባስ ማጥመድ ምስራቅ አፍሪካ ላይ የሚያምራችሁ ከሆነ ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ አለ፤ ባስ እዚያ የገባው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ አዋሽ ወንዝ የሚወርድ ሰው አምባዛ ያገኛል። አምባዛ ግን ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በሪዙ የሚመራ ስለሆነ ከሉር ይልቅ የሥጋ ቁራጭ ይሻለዋል፤ አዋሽ ላይ አዞ ስላለ ከዳር ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

«ባሱን አምጥተን ሐረማያ ብንጨምረውስ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። በፍጹም። ላርጅማውዝ ባስ በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ተብለው ከተመዘገቡት 100 ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ነው። አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል፣ አገር በቀሉን ትንሽ አሳ ያጠፋል። እዚያው በተፈጠረበት ውሃ ውስጥ ነው የምንወደው።

«ለቀቅኩት፣ ግን ተገልብጦ ተንሳፈፈ»

ይህ ከሁሉም ችግር ይልቅ ያሳስበኛል። ውሃው 30 ዲግሪ ሲያልፍ የታገለ ባስ ትንፋሹን ለመመለስ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ውሃው ግን የለውም። በሐሩር ቀጭን ክር አትጠቀሙ፤ ቶሎ አስገቡት። እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙት፣ መንጠቆውን ውሃ ውስጥ እያለ ፍቱለት፣ ፎቶ የሚነሳ ከሆነ ስልኩ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ ትልቅ ከሆነ በመንጋጋው ብቻ አታንጠልጥሉት፣ በሌላው እጃችሁ ሆዱን ደግፉት።

ጀልባው ላይ በውሃ ገንዳ የምታቆዩት ከሆነ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተጋገረ በረዶ ጨምሩበት፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዳይገባ ጠርሙሱ አይከፈት። ከሐይቁ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀነስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ድንገት ማቀዝቀዝ ራሱ ይጎዳዋል። የአየር ፓምፑ አይቋረጥ። ከ9 ሜትር አካባቢና ከዚያ በታች በፍጥነት የወጣ ባስ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ስለሚነፋ መውረድ ያቅተዋል። በመርፌ ማስተንፈስ የሚባል ዘዴ አለ፣ ያልተማረ ሰው ግን ሆድ ዕቃውን ይወጋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲያጋጥማችሁ ጥልቁን ትታችሁ ወደ ርብራቡ ጥላ ተመለሱ፣ እርሳስ አልባውን ትል እሰሩ።